ዜማን በመስመር ላይ ያሳደረ መነኩሴ፤ የአሬዞው ጊዶ ታሪክ

በኢጣልያ አገር፣ ከአድርያቲክ ባሕር ዳርቻ አጠገብ፣ ፖምፖዛ የሚባል ገዳም አለ። በጥንት ዘመን በዚህ ገዳም የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት የሚጠብቁ መነኮሳት ሌሊትና ቀን በየሰዓቱ እየቆሙ እግዚአብሔርን በዜማ ያመሰግኑ ነበር። ከእነርሱም አንዱ ጊዶ ነው። ጊዶ የተወለደው በፈረንጅ አቈጣጠር 1000 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው፤ በዚህ ታሪክ የሚነገሩትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ይህ ሰው ጦር መርቶ አገር ያቀና፣ ዙፋን ወርሶ ሕግ ያወጣ አይደለም፤ ነገር ግን በብራና ላይ ጥቂት መስመሮችን አስምሮ፣ ከአፍ ወጥቶ በነፋስ የሚጠፋውን ዜማ ዓይን እንዲያየው አደረገ። ስለዚህ ሥራው ከወንድሞቹ ተለየ፤ በባዕድ ስፍራም ተሰደደ፤ በኋላም ከበረ።

የዚያ ዘመን የዜማ ትምህርት እጅግ የከበደ ነበረ። ዓመቱን በሙሉ በየበዓሉና በየሰዓቱ የሚዘመረው ሁሉ በቃል መያዝ ነበረበት። መምህሩ ይመራል፤ ደቀ መዝሙሩ ይቀበላል፤ ቢስት ይገሠጻል፤ ተገሥጾም እንደ ገና ይጀምራል። በመጻሕፍቱ ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፉ ትንንሽ ምልክቶች ነበሩ፤ እነርሱም ድምፅ በየት እንደሚወጣና በየት እንደሚወርድ ያመለክታሉ። ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ምን ያህልም እንደሚወርድ ግን በርግጥ አይናገሩም። ዜማውን ከመምህር አፍ የሰማ ሰው ምልክቱን ባየ ጊዜ ያስታውሳል፤ ያልሰማው ግን ሲያየው ቢውል አንዲት ሐረግ እንኳ በርግጥ ሊያዜም አይችልም።

ይህን ነገር የኢትዮጵያ ሊቃውንት ያለ ብዙ ማስረጃ ያስተውሉታል። በ6ኛው መቶ ዓመት የተነሣው የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተለይቶ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ ሲዋረድ ኖሮ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቍርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የድጓን ተማሪ የተማረውን ያሳስቡታል እንጂ ከመምህር ያልሰማውን አያስተምሩትም። በምዕራብ አገር በጊዶ ዘመን የነበሩትም ምልክቶች በዚህ ጠባያቸው ይህንኑ ይመስሉ ነበር።

ጊዶ ይህን ሁሉ በወጣትነቱ አየ፤ አይቶም አዘነ። መዘምራን 10 ዓመት ደክመው እንኳ ዕውቀታቸው ጐደሎ ሆኖ ያገኘው ነበር። ያን ያህል ዘመን በዜማ ብቻ ሲያሳልፉም ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚመረምሩበት ጊዜ ያጡ ነበር። ደግሞ መምህራኑ በአንድ ዜማ ስለማይስማሙ፣ ተማሪ ከመምህሩ፣ ባልንጀራም ከባልንጀራው ጋራ በምስጋና ሰዓት ይከራከሩ ነበር፤ የዜማውም መጽሐፍ አንድ መሆኑ ቀርቶ እንደ መምህራኑ ቍጥር የበዛ ሆነ።

ጊዶም አንድ ነገር አስተዋለ። ሕፃን ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ አይቶት የማያውቀውን መጽሐፍ ሁሉ ገልጦ ያነባል። ዜማ የተማረ ሰው ግን ሺህ ዜማ ቢያውቅ፣ ሺህ አንደኛውን ያለ መምህር ሊያገኘው አይችልም። ይህም የሆነው ለቃል ርግጥ ፊደል ሳለለት ለድምፅ ግን እንደዚያ ያለ ርግጥ ጽሕፈት ስላልነበረው ነው። ስለዚህ ጊዶ ያለ መስመርና ያለ ፊደል የተጻፈውን የዜማ ምልክት ገመድ በሌለው የውኃ ጕድጓድ መሰለው፤ ውኃው ምንም ቢበዛ ቁልቁል ለሚያየው ሰው ጥም አይቈርጥምና።

ከዚህ በኋላ ሚካኤል ከሚባል የገዳሙ ወንድም ጋራ ሆኖ የመዝሙሩን መጽሐፍ በአዲስ ሥርዓት መጻፍ ጀመረ። ሥርዓቱም እንዲህ ነው። በብራናው ላይ መስመሮች አግድም ይሰመራሉ፤ ድምፆቹም በመስመሮቹ ላይና በመስመሮቹ መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ይቀመጣሉ። አንዱ ድምፅ በመስመር ላይ ቢቀመጥ፣ ቀጥሎ ያለው በባዶው ስፍራ፣ ሦስተኛውም በላይኛው መስመር ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ አንባቢ ከመስመር ወደ ቅርቡ ባዶ ስፍራ ሲሄድ አንድ ደረጃ መውጣቱን፣ ከመስመር ወደሚቀጥለው መስመር ሲሄድ ሁለት ደረጃ መውጣቱን በዓይኑ ቈጥሮ ያውቃል። በአንድ መስመር ላይ የተቀመጡ ድምፆችም ምንም ተራርቀው ቢጻፉ አንድ ድምፅ ናቸው።

ነገር ግን ደረጃዎቹ ሁሉ እኩል አይደሉም። ከሰባቱ ደረጃ አምስቱ ሙሉ እርምጃ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ግማሽ እርምጃ ናቸው፤ እነዚህን ሁለቱን ያልለየ ዘማሪ ዜማውን ያበላሻል። ድምፆቹ በላቲን ፊደላት ስም ይጠሩ ስለ ነበረ፣ ጊዶ ኤፍ ለተባለው ድምፅ ቀይ መስመር፣ ሲ ለተባለው ድምፅ ቢጫ መስመር አሰመረ፤ ግማሾቹ እርምጃዎች ከእነዚህ ከሁለቱ በታች ይገኛሉና። በመስመሩም ራስ ላይ ፊደሉን ጻፈበት። ቀዩን ወይም ቢጫውን መስመር ያየ ሰው ከበታቹ ያለው ደረጃ ጠባብ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። በኢትዮጵያ ጸሐፊ እጅ ቀይ ቀለም የቅዱሳንን ስም እንደሚያከብር፣ በጊዶም እጅ ቀይ ቀለም ዘማሪ የሚሰናከልበትን ስፍራ የሚያስጠነቅቅ ሆነ።

ሥራው ባማረ ጊዜ ግን ቅንዓት ተነሣ። በ10 ዓመት ድካም የተገዛ ዕውቀት በአንድ ዓመት ሲገኝ ማየት ለብዙ ሰው መራራ ነው። ከገዳሙ ወንድሞች አያሌዎቹ ጊዶን ጠሉት፤ አበ ምኔቱም ነገራቸውን ሰምቶ ከእነርሱ ጋራ ተባበረ። በ1025 ገደማ ጊዶ ካደገበት ገዳም ወጥቶ ሄደ። ሚካኤል በዚያው ቀረ፤ ለቀረውም ለወጣውም መከራው አንድ ነበረ፤ አንዱ በሩቅ አገር ተሰደደ፤ ሁለተኛውም በምቀኞች ወጥመድ መካከል ትንፋሽ እስኪያጥረው ተጨነቀ።

ጊዶ በኋላ ለዚህ ወንድም በጻፈው መልእክት ራሱን በአንድ የጥንት ጥበበኛ መሰለ። ያ ጥበበኛ የማይሰበር ብርጭቆ ሠርቶ ለአውግስጦስ ቄሣር ቢያቀርብ፣ ሽልማት ሲጠብቅ ሞት ተፈረደበት ይባላል፤ እንዲህ ያለ ብርጭቆ በዓለም ቢበዛ በንጉሡ ግምጃ ቤት ያለው የወርቅና የብር ዕቃ ዋጋ ያጣልና። ጊዶም ይህን ምሳሌ ያመጣው፣ አዲስ ጥበብ በተገለጠ ጊዜ በአሮጌው የከበሩ ሰዎች ክብራቸው የተወሰደባቸው እንደሚመስላቸው ለማሳየት ነው።

ጊዶ ከፖምፖዛ ወጥቶ ወደ አሬዞ ከተማ ደረሰ። የአሬዞ ኤጲስ ቆጶስ ቴዎዳልዶ (ከ1023 እስከ 1036) በደስታ ተቀበለው፤ የካቴድራሉንም መዘምራን እንዲያስተምር ሾመው። ከዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ የአሬዞው ጊዶ እየተባለ ይጠራል። በኤጲስ ቆጶሱም ማሳሰብ ማይክሮሎጉስ የሚባለውን መጽሐፍ ጻፈ። የስሙ ትርጓሜ አጭር ነገር ማለት ነው፤ 20 ምዕራፍም አለው። ይህ መጽሐፍ ፈላስፎች ስለ ድምፅ የተናገሩትን ረጅም ክርክር ትቶ ለዘማሪ የሚጠቅመውን ብቻ ያስተምራል፤ በምዕራብ አገር በእጅ ከተጻፉት የዜማ መጻሕፍትም መካከል እጅግ ከተስፋፉት አንዱ ሆነ።

በዚያ መጽሐፍ በመጀመሪያ የሚገኘው አንድ አውታር ያለው መሣሪያ ነው። መሰንቆ አንድ አውታር እንዳለው ይህም አንድ አውታር አለው፤ ነገር ግን ለጨዋታ ሳይሆን ለመስፈሪያ የተሠራ ነው። በረጅም ሣጥን ላይ አውታር ይወጠራል፤ ከአውታሩም በታች የድምፆቹ ስፍራ እየተለካ ይጻፋል። አውታሩ በእኩሌታው ቢያዝ ድምፁ ስምንተኛ ደረጃ ይወጣል፤ ከሦስት እጅ ሁለቱ ቢቀር አምስተኛው ደረጃ ይሰማል፤ ከአራት እጅ ሦስቱ ቢቀር አራተኛው ይሰማል፤ ከዘጠኝ እጅ ስምንቱ ቢቀር ግን አንድ ሙሉ እርምጃ ብቻ ይሆናል። በድምፅና በድምፅ መካከል ያለው ርቀት እንዲህ በመስፈሪያ የሚታወቅ ስለ ሆነ፣ መምህር ሁሉ እንደ ፈቀደ የሚለውጠው ነገር አይደለም።

ጊዶ ግን ይህን መሣሪያ ካወቀ በኋላ በእርሱ ብቻ መታመንን ነቀፈ። ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ዘወትር በአውታር ወይም በመምህር ድምፅ የሚደገፍ ሰው ግን ከልጅነት አይወጣም አለ። ብዙ ሊቃውንት በዚህ መሣሪያ ብቻ ተማምነው ዘማሪ ሳይሆኑ እንደ ቀሩ ያውቅ ነበርና። መስፈሪያው ከእንጨት ወደ ልብ መግባት ነበረበት። ለዚህም የሚሆን ብልሃት በአንድ መዝሙር አገኘ።

ያ መዝሙር ለመጥምቁ ዮሐንስ በዓል የሚዘመር ነው፤ ቃሉንም በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረ ጳውሎስ ዲያቆን የሚባል መነኩሴ እንደ ደረሰው ይነገራል። በጊዶ ዜማ የመዝሙሩ ስድስት ሐረጎች መነሻቸው በየተራ አንድ አንድ ደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። የየሐረጉም መነሻ ቃል ሲነገር ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ይላል። ብላቴናው አስቀድሞ ይህን መዝሙር ጠንቅቆ በቃሉ ይይዛል። ከዚያ በኋላ አዲስ ዜማ ተጽፎ ሲያይ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ከመዝሙሩ መነሻ ከየትኛው ጋራ እንደሚተካከል ያስባል፤ ያንንም መነሻ በልቡ ሰምቶ በአፉ ያወጣዋል። ለአካሉ የጠፋ መምህር በዚህ መንገድ በልቡ ውስጥ ተቀምጦ ይመራዋል ማለት ነው።

በእነዚህም ስድስት ድምፆች ውስጥ ጊዶ በመጽሐፉ የቈጠራቸው ስድስቱ የድምፅ ርቀቶች ሁሉ ይገኛሉ። ከኡት ወደ ሬ አንድ ሙሉ እርምጃ ነው። ከሚ ወደ ፋ ግማሽ እርምጃ ነው። ከኡት ወደ ሚ ሁለት ሙሉ እርምጃ ነው። ከሬ ወደ ፋ አንድ እርምጃ ተኩል ነው። ከኡት ወደ ፋ ሁለት እርምጃ ተኩል ሲሆን፣ ከኡት ወደ ሶል ሦስት እርምጃ ተኩል ነው። ከኡት ወደ ሚና ከሬ ወደ ፋ ያለው በብራና ላይ ሲታይ ሁለቱም ከመስመር ወደ መስመር ወይም ከባዶ ስፍራ ወደ ባዶ ስፍራ ነው፤ ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ለጆሮ ግን የፊተኛው ሰፊ፣ የኋለኛውም ጠባብ ነው። ስለዚህ ዓይን ደረጃውን ይቈጥራል፤ የግማሹ እርምጃ ስፍራ ሲታወቅ ግን ጠባዩ ይለያል። ማንበብን የተማረ ሰው መጻፍንም በዚሁ ይማራል፤ የሰማውን ዜማ ከስድስቱ ድምፆች ጋራ አስተያይቶ በየመስመሩ ያኖረዋልና። ጊዶም ተማሪዎቹን በሁለቱ መንገድ ያለማምዳቸው ነበር፤ ያልሰሙትን አንብበው እንዲያዜሙ፣ የሰሙትንም ወዲያው እንዲጽፉ።

ፍሬው ፈጥኖ ታየ። ከብላቴኖቹ አንዳንዶቹ ሦስት ቀን ሳይሞላቸው ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ከመጽሐፍ አይተው አዜሙ፤ ይህም በቀድሞው መንገድ በብዙ ሳምንት የማይገኝ ነበረ። ጊዶም ለዘማሪ ፍጹምነት አንድ ዓመት፣ ቢበዛም ሁለት ዓመት እንደሚበቃ ተናገረ።

የዚህ ትምህርት ወሬ እስከ ሮማ ደረሰ። በዚያ ጊዜ በሮማ መንበር የነበረው ፓፓ ዮሐንስ 19ኛ የአሬዞ ብላቴኖች ያልሰሙትን ዜማ እንደሚያዜሙ ሰምቶ ተደነቀ፤ ሦስት መልእክተኞችም ልኮ ጊዶን አስጠራው። ጊዶ በ1028 ገደማ ከአንድ አበ ምኔትና ከአሬዞ ካህናት አለቃ ጋራ ወደ ሮማ ሄደ። ፓፓው በደስታ ተቀበለው፤ ብዙ ነገርም ጠየቀው። ያንንም የመዝሙር መጽሐፍ እንደ ታላቅ ተአምር ደጋግሞ ገለጠው፤ በመጀመሪያውም የተጻፈውን ደንብ አሰላሰለ። ከተቀመጠበትም ሳይነሣ ሰምቶት የማያውቀውን አንድ ሐረግ ራሱ ከመጽሐፉ አንብቦ አዜመ። ስለ ሌሎች የተነገረውን በራሱ ላይ ባየ ጊዜ ፈጽሞ አመነ። በገዳሙ ወንድሞች ዘንድ የተናቀው መጽሐፍ በዚያን ቀን በታላቅ መንበር ፊት ተፈትኖ ከበረ።

ጊዶ ግን በሮማ ብዙ ጊዜ ሊቈይ አልቻለም። የበጋው ሙቀትና ረግረጋማው አየር ሰውነቱን ስለ ጐዳው፣ ክረምት በገባ ጊዜ ተመልሶ ካህናቱን እንዲያስተምር ቃል ገብቶ ተሰናበተ። ከጥቂት ቀንም በኋላ ያንን የቀድሞ አበ ምኔቱን ሊሳለም ሄደ። የአበ ምኔቱም ስም እንደ እርሱ ጊዶ ነበረ። አባቱን ለማየት የሄደ ልጅ ቂም አልያዘም፤ አባቱም ልቡን አላደነደነም። የዜማውን መጽሐፍ ገልጦ ባየ ጊዜ ሥራው እውነተኛ መሆኑን ተረዳ፤ ቀድሞ ከከሳሾቹ ጋራ በመተባበሩም ተጸጽቶ ወደ ፖምፖዛ እንዲመለስ ለመነው። በዚያ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሹመት በገንዘብ ይሸጥና ይገዛ ስለ ነበረ፣ ለመነኩሴ ከኤጲስ ቆጶስ አደባባይ ይልቅ የገዳም ጸጥታ እንደሚሻለው መከረው። ጊዶም ምክሩን በጎ አድርጎ ተቀበለ።

በፖምፖዛ ለነበረው ለሚካኤል የጻፈው መልእክት ይህን ሁሉ ይናገራል፤ የስድስቱን ድምፆች ትምህርትም የገለጠው በዚሁ መልእክት ነው። የቂም ቃል አብዝቶ አልጻፈበትም፤ ይልቁንም ስለ ሚመጡት ተማሪዎች አሰበ። የቀደሙት ሰዎች በ10 ዓመት ጐደሎ ዕውቀት ላስተማሯቸው መምህራን ነፍስ ይጸልያሉና፣ በአጭር ጊዜ ፍጹም ዕውቀት የሚያገኙት የኋለኞቹ ደግሞ ለእርሱና ለረዳቶቹ ነፍስ ምሕረትን እንደሚለምኑ ተስፋ አደረገ። የድካሙ ዋጋ እንዲሆንለት የፈለገው ይህን ጸሎት ነበረ።

ጊዶ በጊዜው ዐረፈ፤ መስመሩ ግን ከአገር ወደ አገር ተሻገረ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ መምህራን ድምፆቹን በግራ እጅ ጣት አንጓዎች ላይ እየቈጠሩ ያስተምሩ ነበር፤ ያም እጅ የጊዶ እጅ ተብሎ ተጠራ፤ በቀሩት መጻሕፍቱ ውስጥ ግን አይገኝም። ድምፁ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቈይ የሚያመለክተው ጽሕፈት በኋላ ዘመን ተጨመረ፤ የጊዶ መስመር ከፍታንና ዝቅታን እንጂ የጊዜን ርዝመት አይለካም ነበርና። ሲ የሚባለው ሰባተኛ ስም ከስድስቱ ላይ ተጨመረ፤ በ17ኛው መቶ ዓመትም ኡት የሚለው በብዙ አገር ዶ ተባለ። የመስመሩም ቍጥር አምስት ሆኖ ጸና። በ1882 የአሬዞ ከተማ ሰዎች ለዚህ መነኩሴ ሐውልት አቆሙለት።

ይህ ጽሕፈት ወደ ኢትዮጵያም ገብቷል። በ1924 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው 40 የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆነው ይጫወቱ የነበረው በኖታ ነው። በአዲስ አበባም በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በአምስቱ መስመር ኖታ ማንበብና መጻፍ ያስተምራል። ስለዚህ የአክሱሙ ካህን ስምና የአሬዞው መነኩሴ መስመር በአንድ ቤት ውስጥ ተገናኝተዋል።

በድጓ ቤት ግን ዛሬም መምህሩ ይመራል፤ ተማሪውም ይቀበላል፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። መስመር የድምፅን ርቀት ያሳያል፤ የመምህሩን እንባ፣ የትንፋሹን ርዝመትና የጸሎቱን ትሕትና ግን ሊጽፍ አይችልም። ጊዶም ይህን አልዘነጋም፤ ደቀ መዝሙሩ መስመሩን ከማንበቡ አስቀድሞ አንድ የጸሎት መዝሙር በልቡ እንዲይዝ አደረገ እንጂ በቀለም ብቻ አላስጀመረውም። የታገለው መምህርን ለማስቀረት አልነበረም፤ መምህር በሞተ ጊዜ ዜማው አብሮት እንዳይቀበር ነው። ከወንድሞቹ ስለ ተለየ ዝም ቢል ኖሮ በአሬዞ የነበሩት ብላቴኖች በጨለማ በቀሩ ነበር፤ በእርሱ ትዕግሥት ግን ባላያቸውና ባልሰማቸው በብዙ አገር ዘማሪዎች አፍ የጥንት አባቶች ዜማ እስከ ዛሬ ይሰማል።